ኤሊዋን አልለቅም ያለው ሽቦ

አንድ ወሬ አለኝ። ረጅም ነው፤ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይሄዳል። ግራ እንዳይገባችሁ እየደጋገምኩ እነግራችኋለሁ፤ እናንተም አብራችሁኝ በሉ።

ከአስፋልቱ ዳር በተቆረቆረች አንዲት የቆላ ከተማ ውስጥ አስካለ የምትባል ሴት ነበረች። የሰው ልብስ እያጠበች ብቻዋን ትኖራለች። በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀረ። የከተማዋ የውኃ ፓምፕም ተበላሸ። ሰው ያገኘውን ኩሬ መጠጣት ጀመረ፤ ከዚያ ትውከትና ተቅማጥ ገባ። በአንድ ወር ውስጥ ዘጠኝ ሰው ተቀበረ። አትሰብሰቡ ተባለ፣ ድንኳን አትትከሉ ተባለ፣ ሰው ቤት አትግቡ ተባለ። አስካለም ፈራች። ማንም እንዳይመጣባት ግቢዋን ዙሪያውን በወፍራም ሽቦ አጠረች። በሽታው ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ ክልከላውም ተነሥቷል። ሰው ግን በሩን ዘግቶ መቀመጡን ለምዶ ቀርቷል።

አንድ ማለዳ ከአጥሯ ሥር የሚፈገፍግ ነገር ሰማች። እባብ መስሏት ዱላ ይዛ ወጣች። እባብ አልነበረም። ድስት የምታህል ኤሊ ነበረች፤ ቅርፊቷ ቢጫ ሆኖ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ አለበት። የአጥሩ ሽቦ የፊት ቀኝ እግሯ ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥሟል። ለመሄድ ስትጎትት ጠበቀ፣ ስትጎትት ጠበቀ፣ በመጨረሻ ሥጋዋ ውስጥ ገባ። እግሯ አብጧል፤ ዝንብ ሰፍሮበታል።

«የኔ ሽቦ ነው» አለች አስካለ ለራሷ። «በገዛ እጄ ያሰርኩት ነው።»

ሽቦውን ከእንጨቱ ላይ ፈታችው። ከእግሯ ላይ ልትፈታው ስትል ግን ኤሊዋ ፍስስ ብላ እግሯን ወደ ውስጥ ሳበች፤ ሽቦውም አብሮ ገባ። ቢላዋም አልበጠሰውም። አስካለ ኤሊዋን በልብስ ማጠቢያ ሳፋዋ አድርጋ ተሸከመቻት። የምትፈልገው ትንሽ ነገር ነው። ሽቦው ይቆረጥ፣ ኤሊዋ መንገዷን ትሂድ፤ ሌላ ምንም አላለችም።

ግን ሽቦው እግር አልለቅም አለ፤ ኤሊዋ ሳፋ ውስጥ ቀረች።

መጀመሪያ የሄደችው ብረት በያጁ ሞላልኝ ጋ ነው። በከተማዋ ወፍራም ሽቦ የሚቆርጥ ጉጠት ያለው እሱ ብቻ ነው። ሞላልኝ ከተዘጋው ሱቁ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ቀኝ እጁ በቆሸሸ ጨርቅ ተጠቅልሏል።

«ወንድም ሞላልኝ፣ ይቺን ሽቦ ቁረጥልኝ።»

«እትዬ አስካለ፣ ለዚህ ነው እንዴ? ወስደሽ ኩሬ ውስጥ ጣያት። ኤሊ የውኃ ነች፤ እዚያው ይሻላታል።»

«ሽቦውስ?»

ሞላልኝ ጨርቁን ፈታ አድርጎ አሳያት። የጋለ ብረት መዳፉን ከዳር እስከ ዳር አቃጥሎታል፤ መግል ይዟል። «ጉጠቱ ያውልሽ፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። የሚጨብጠው እጅ ነው የጠፋው። በግራዬ ብሞክር ሽቦውን ትቼ እግሯን ነው የምቆርጠው። ሲስተር መሠለች ትጠበኝና ያኔ እቆርጥልሻለሁ።»

አስካለ ራሷ ጉጠቱን አውርዳ ሞከረች። አዳለጣት፤ ኤሊዋ ደማች። ጉጠቱን ወደ ቦታው መለሰችው።

እጁ ጉጠት አልጨብጥም አለ፤ ጉጠቱ ሽቦ አልቆርጥም አለ፤ ሽቦው እግር አልለቅም አለ፤ ኤሊዋ ሳፋ ውስጥ ቀረች።

ሳፋዋን ተሸክማ ጤና ጣቢያ ሄደች። ሲስተር መሠለች ደረጃው ላይ ጭንቅላቷን በእጆቿ ደግፋ ተቀምጣለች። ከእነዚያ ከዘጠኙ ሰዎች ሰባቱ የሞቱት እጇ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲጠራት ፈጥና ቀና አትልም።

አስካለ ሳፋውን እግሯ ሥር አስቀመጠች። መሠለች ኤሊዋን አገላብጣ አየቻትና «ኩሬ ጣያት ያለሽ ሰው አለ?» አለች።

«ሞላልኝ።»

«እንዳትሰሚው። እግሯን ተመልከቺ። የውኃ ኤሊ ብትሆን ጣቶቿ በቆዳ የተያያዙ፣ እንደ መቅዘፊያ የሳሱ ይሆኑ ነበር። የዚች ግን ጉቶ ነው፤ የዝሆን እግር ነው የሚመስለው። ቅርፊቷም ጉብ ያለ ነው። የየብስ ናት፣ ዋና አትችልም። ኩሬ ብትጥያት ትሰምጣለች።» ሽቦውን በጣቷ ዳሰሰች። «የሰው ቤት ኤሊም አይደለችም፤ የዱር ናት። ጥላ ውስጥ አቆዪያት፣ ሣር ስጫት። እስከ ነገ ካልተቆረጠ ግን እግሯ መበስበሱ አይቀርም፤ ከእግሯም አልፎ ይገድላታል።»

«እንግዲያው የሞላልኝን እጅ እጠቢለት፤ እሱ ይቆርጠዋል።»

«በምን ልጠበው?» አለች መሠለች። «ሦስት ቀን ውኃ አልመጣልኝም። ያለኝ አንድ ጄሪካን ነው፤ እሱን ደግሞ ምጥ ለሚይዛት ሴት ነው ያስቀመጥኩት። ቁስል በደረቅ ጨርቅ አይታጠብም። ገመቹ ውኃ ካመጣ ዛሬውኑ አጥበዋለሁ።»

ሲስተር እጅ አላጥብም አለች፤ እጁ ጉጠት አልጨብጥም አለ፤ ጉጠቱ ሽቦ አልቆርጥም አለ፤ ሽቦው እግር አልለቅም አለ፤ ኤሊዋ ሳፋ ውስጥ ቀረች።

ገመቹ ከወንዙ ውኃ በአህያ ጋሪ የሚያመላልስ ሰው ነው። አስካለ ስትደርስ በርሜሉ ባዶውን ጋሪው ላይ ተጋድሟል፤ አህያዋ አጠገቡ ቆማለች።

«ገመቹ፣ ምነው ውኃ ቀረ?»

«እኔን አትጠይቂኝ እትዬ፤ እሷን ጠይቂያት» አለ ወደ አህያዋ እያመለከተ። «ጋሪውን ደረቷ ላይ የሚይዘው ጠፍር ተበጠሰ። በገመድ አሰርኩት። ገመዱ ደግሞ በላት፤ ተመልከቺ።» የአህያዋ ትከሻ ተልጦ ቀይ ሆኗል። «ገመድ ባሰርኩባት ቁጥር ንቅንቅ አትልም። ትናንት መታኋት። ስመታት መንገዱ ላይ ተኛች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ምን ላድርግ?»

«ጠፍሩን አታሰፋውም?»

«ጋሽ ደባልቄ ጋ ከሰጠሁት ሳምንት አለፈው። ስሄድ ዝም ይለኛል፣ ስሄድ ዝም ይለኛል።»

አህያዋ በርሜል አልጎትትም አለች፤ በርሜሉ ውኃ አላመጣም አለ፤ ሲስተር እጅ አላጥብም አለች፤ እጁ ጉጠት አልጨብጥም አለ፤ ጉጠቱ ሽቦ አልቆርጥም አለ፤ ሽቦው እግር አልለቅም አለ፤ ኤሊዋ ሳፋ ውስጥ ቀረች። ፀሐይዋም ከፍ አለች። አስካለ ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ ሳፋውን አለበሰችው።

ቆዳ ሰፊው ጋሽ ደባልቄ ሽማግሌ ነው። ከቤቱ በረንዳ ላይ አገኘችው። የተበጠሰው ጠፍር ጉልበቱ ላይ ነው፤ ክሩም ተፈትሎ አጠገቡ አለ። እጆቹ ግን ባዶ ናቸው።

«ጋሽ ደባልቄ፣ ምነው የገመቹን ጠፍር አልሰፉለትም?»

«ወስፌ የለኝም» አለ።

«ቆዳ ሰፊ ሆነው ወስፌ የለኝም ይላሉ?»

«የነበረኝ አንድ ነው። እሱም ሰው ቤት ቀረ።»

«የማን ቤት?»

ሽማግሌው ጠፍሩን በጣቱ ሲያሻሽ ቆየ። «የውባየሁ ልጅ፣ ትርሲት፣ ስፌት ልትሰፋበት ተውሳኝ ነበር። የሷ ተሰብሮባት። በማግስቱ ታመመች። በሦስተኛው ቀን...» ቀሪውን ተወው።

«ታዲያ ሄደው አይጠይቁም?»

«በምን ፊቴ?» አለ ደባልቄ። «ያቺ ልጅ ስትቀበር እኔ በመስኮት ነው ያየሁት። ጓንት ያደረጉ ሦስት ሰዎችና እናቷ ብቻ ነበሩ። ክልከላው ከተነሣም በኋላ አልሄድኩም፤ ዛሬ ነገ ስል አፈርኩ። ለቅሶ ሳልደርስ፣ ወስፌዬን መልሺ ብዬ ልግባ?» ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «አንቺስ ጎረቤቷ፣ ደርሰሻል?»

አስካለ ጎንበስ ብላ ሳፋዋን አነሣች።

ወስፌው ጠፍር አልሰፋም አለ፤ ጠፍሩ አህያ አልይዝም አለ፤ አህያዋ በርሜል አልጎትትም አለች፤ በርሜሉ ውኃ አላመጣም አለ፤ ሲስተር እጅ አላጥብም አለች፤ እጁ ጉጠት አልጨብጥም አለ፤ ጉጠቱ ሽቦ አልቆርጥም አለ፤ ሽቦው እግር አልለቅም አለ፤ ኤሊዋ ሳፋ ውስጥ ቀረች።

የውባየሁ ቤት ከአስካለ ቤት ሦስተኛው ነው። አስካለ በዚያ ደጅ ማለፍ ካቆመች ሃያ ስድስት ቀን ሆኗታል፤ በጓሮ ዞራ ነበር የምትሄደው። አሁን በሩ ላይ ቆማ አንኳኳች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፤ አስካለ።»

«ምን ፈልገሽ ነው?» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። በሩ አልተከፈተም።

አስካለ ሌላ መናገሪያ አጣችና የመጣችበትን እንደ ወረደ አለችው። «ወስፌ ፈልጌ ነው ውባየሁ። ወስፌው ጠፍሩን እንዲሰፋ፣ ጠፍሩ አህያዋን እንዲይዝ፣ አህያዋ በርሜሉን እንድትጎትት፣ በርሜሉ ውኃ እንዲያመጣ፣ ሲስተር የሞላልኝን እጅ እንድታጥብ፣ እጁ ጉጠት እንዲጨብጥ፣ ጉጠቱ ሽቦውን እንዲቆርጥ። ሽቦው ኤሊ ይዞብኝ ነው።»

በሩ ተከፈተ። ውባየሁ ከስታለች፤ ጥቁር ልብሷ ላይዋ ላይ ተንጠልጥሏል። ሳፋውን አየች፤ አስካለን አየች።

«ለኤሊ ይህን ሁሉ ደጅ ጠናሽ?» አለች።

አስካለ አንገቷን ደፋች።

«ትርሲቴ በያዛት ሌሊት አጥርሽ ድረስ መጥቼ ጠርቼሽ ነበር። ውኃ አፍልተሽ አቀብዪኝ፣ እኔ ልጅቱን ይዣለሁ ብዬ ጠርቼሽ ነበር። አልሰማሽኝም ይሆን እያልኩ ነው እስከ ዛሬ የቆየሁት። ሰምተሽ ነበር?»

ሐሰት ብትናገር ማንም አያውቅባትም ነበር። «ሰምቼ ነበር» አለች አስካለ።

ውባየሁ ዞር ብላ ወደ ውስጥ ገባች፤ በሩን ግን አልዘጋችውም። ከመደቡ ጥግ አንድ ጅምር ስፌት አለ፤ ቀይና አረንጓዴ አለላ ያለበት ትንሽ ሌማት። ወስፌው እንደተሰካበት ነው፤ ያልተሳበች አለላ ከጫፉ ወጥታ ቀርታለች።

«ይኸውልሽ። እጇ መጨረሻ የነካው ይህን ነው። ሆዷን ሲያማት ሰክታ አስቀመጠችው። ሃያ ስድስት ቀን ማንም በዚህ በር አልገባም፤ ማንም ልጅሽ ምን ሆና ሞተች አላለኝም። አሁን ደግሞ ከእጇ ላይ ልትነቅሉት መጣችሁ። አልነቅለውም።»

ውባየሁ ወስፌ አልነቅልም አለች፤ ወስፌው ጠፍር አልሰፋም አለ፤ ጠፍሩ አህያ አልይዝም አለ፤ አህያዋ በርሜል አልጎትትም አለች፤ በርሜሉ ውኃ አላመጣም አለ፤ ሲስተር እጅ አላጥብም አለች፤ እጁ ጉጠት አልጨብጥም አለ፤ ጉጠቱ ሽቦ አልቆርጥም አለ፤ ሽቦው እግር አልለቅም አለ። ከዚህ ወዲያ የሚኬድበት ደጅ የለም።

አስካለ ሳፋውን ከግድግዳው ጥላ ሥር አኖረችው። ነጠላዋን ከላዩ አንሥታ አዘቅዝቃ ለበሰች። ጫማዋን አውልቃ ገባችና ከመሬቱ ላይ፣ ከመደቡ ሥር ተቀመጠች። ለቅሶ ቤት የሚባለው ቃል ሁሉ ከአፏ ጠፋ። «ትርሲት» አለች፤ ከዚያ እንባዋ ቀደማት።

ውባየሁ ቆማ ታያት ጀመር። «ለወስፌው ነው የመጣሽው» አለቻት።

«አዎ፣ ለወስፌው ነው የመጣሁት። የተቀመጥኩት ግን ለወስፌው አይደለም።»

ውባየሁ አጠገቧ ቁጭ አለች። ከዚያ ውባየሁ መናገር ጀመረች። ልጇ አሥራ አራት ዓመት እንደሞላት፣ ሒሳብ እንደምትወድ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ እንደምትሸፍን ነገረቻት። በመጨረሻው ቀን ዓይኗ ጎድጉዶ እናቷን «አንቺ ማነሽ?» እንዳለቻት ነገረቻት። ስትቀበር ፊቷን እንዳላሳዩዋት ነገረቻት። እዚያ ላይ ስትደርስ ጮኸች፤ ሃያ ስድስት ቀን የታፈነ ጩኸት ነበር። አስካለ ያዘቻት። አብረው ጮኹ። በየቤቱ ያለው ሰው ሰማ፤ አንዳንዱ በሩን ከፈት አድርጎ ወደዚያ አየ። ፀሐይዋ ከግድግዳው ወዲያ ዞረች። አስካለ ኤሊዋን ረስታታለች።

ያስታወሰቻት ውባየሁ ናት። ፊቷን ጠራርጋ ወደ ደጅ ወጣችና ሳፋው ላይ አጎነበሰች። ኤሊዋ አንገቷን አውጥታ አፏን ከፍታለች፤ ትተነፍሳለች።

«አልሞተችም» አለች ውባየሁ። ቆየት ብላም «ደጄ ላይ ሌላ አይሞትብኝም» አለች።

ገብታ ሌማቱን ጉልበቷ ላይ አደረገች። የቀረችውን አለላ በጣቷ ስባ አጠበቀቻት። ከዚያ ወስፌውን ነቀለችው።

ውባየሁ ወስፌውን ነቀለች፤ አስካለ ወስፌውን ለደባልቄ አደረሰች። ደባልቄ ግን ወዲያው አልሰፋም። ወስፌውን አይቶ ተነሣ፤ ጋቢውን ደርቦ ወደ ውባየሁ ቤት ሄደ። አልቅሶ ተመለሰና፣ ቀኑ ሳይጨልም ተቀምጦ ሰፋ። በማግስቱ ማለዳ ጠፍሩ አህያዋን ያዘ፤ አህያዋ በርሜሉን ጎተተች፤ በርሜሉ ውኃ አመጣ። ገመቹ የመጀመሪያዋን ጄሪካን ውባየሁ ደጅ አስቀምጦ ወደ ጤና ጣቢያው ነዳ። ሲስተር እጁን አጠበች፤ መግሉን አወጣች፤ በንጹሕ ፋሻ አሠረች፤ እጁ ጉጠቱን ጨበጠ። ሞላልኝ ጥርሱን ነክሶ፣ ላብ እየወረደው ጨመቀው። ጉጠቱ ሽቦውን ቆረጠ።

ሽቦው እግሩን ለቀቀ።

ግን ዘግይቶ ነበር። ከሽቦው በታች ያለው እግር ጠቁሯል። መሠለች አየችው፤ ሸተተችው፤ የሞተውን ቆርጣ ቁስሉን አጠበች። ሞላልኝ ለማየት አልቆመም፤ ለለቅሶም ቢሆን አንድም ቀን ሳይሄድ ቀረ። ሰው ሁሉ አንድ አይደለም።

አሥራ ሁለት ቀን አስካለ ኤሊዋን ከአልጋዋ ሥር አስቀመጠቻት። ቁልቋልና ደረቅ ሣር አበላቻት፤ ቁስሏን በጨው ውኃ አጠበችላት። በየቀኑ ከሰዓት ሳፋውን ይዛ ውባየሁ ጋ ትሄድና ትቀመጣለች። ቁስሉ ደርቆ ኤሊዋ በሦስት እግሯ ቤቱን መዞር ስትጀምር መሠለች «በቃ፣ ልቀቂያት። ከአስፋልቱ ወዲያ ማዶ ውሰጃት፤ እዚህ ብትለቂያት መኪና ይጨፈልቃታል» አለቻት።

ውባየሁም አብራ መጣች። ልጇ ከተቀበረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከግቢዋ የወጣችው ያን ዕለት ነው። አስፋልቱን ተሻግረው፣ ግራሩ ጥቅጥቅ እስኪል ሄደው፣ አስካለ ኤሊዋን ከሳፋው አውጥታ መሬት ላይ አኖረቻት።

ኤሊዋ ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ አንገቷን አወጣች። ሄደች። በጎደለው እግሯ በኩል እያዘነበለች፣ ቅርፊቷ አፈሩን እየፋቀ፣ ቀስ ብላ ሄደች። መሐል ላይ አንድ ጊዜ ወደ ጎን ወደቀች፤ ሁለቱም ሊያነሷት ተንደረደሩ። ሳይደርሱባት ራሷን አቃናች።

«ትኖራለች?» አለች ውባየሁ።

«መሠለች በሦስት እግር የሚኖሩ አሉ ብላለች። እኔ ግን አላውቅም።»

ቁጥቋጦው ሥር ገብታ እስክትጠፋ ቆመው አዩ። ውባየሁ ዓይኗን ከዚያ ሳታነሣ «ከነገ ወዲያ የትርሲት አርባዋ ነው» አለች። «ማንም ስለማይመጣ ምንም አላዘጋጀሁም።»

«ከነገ ጀምረን እናዘጋጃለን» አለች አስካለ።

በአርባዋ ዕለት ውባየሁ ቤት ሃያ ሦስት ሰው ተቀመጠ። ቤቱ ስላልበቃ ደባልቄና ገመቹ ደጁ ላይ ድንኳን ተከሉ።

እኔ የሰማሁት እዚህ ድረስ ነው። ብዙ ተናገርኩ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ፤ ከእናንተ አንዱ ውኃ ያቀብለኝ።